መርፌው የገባበት ቦታ

እሳቷ እንላት ነበር። ፊት ለፊት አይደለም፤ ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራት ደፋር አልተወለደም። ግን ኮሪደሩ ላይ የውሻቸውን ገመድ ይዘው፣ ድመታቸውን በካርቶን አቅፈው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ወደ መስኮቴ ጠጋ ብለው «ዛሬ እሳቷ አለች እንዴ?» ይሉኛል። አለች ስላቸው ግማሾቹ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ የሚናገሩትን በሆዳቸው ያጠናሉ።

እኔ በዚያ የእንስሳት ክሊኒክ የካርድ መስኮት ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ስመጣ እሷ ነበረች። የሐኪሙ ረዳት ናት፤ እንስሳ ትይዛለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ፋሻ ታስራለች፣ መርፌ ትወጋለች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አጭር ናት፣ ክንዷ ግን የዳቦ ጋጋሪ ክንድ ይመስላል። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ የሚደርስበትን እሷ ኮሪደሩ ጫፍ እጇን አጣምራ ቆማ፣ እንስሳው ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሲራመድ በማየት ብቻ ትደርስበታለች። «አንገቱን ወደ ላይ የሚመዘው የታመመችው የፊት እግሩ መሬት ስትነካ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ወደ ታች ሲያደርገው ደህናዋን እየረገጠ ነው። ሰው ግን እግር እግሩን ሲያይ ይውላል እንጂ አንገቱን አያይም።» ይህን ያለችኝ ልታስተምረኝ አልነበረም፤ ተናዳ ነው። ሁሉንም ነገር የምትናገረው ተናዳ ነው።

የሚያናድዳት ደግሞ ሞልቷል። አንዲት እናት ድመቷን አቅፋ መጥታ «ዝም ብሎ እግሯ አበጠ» አለች። እሳቷ ፀጉሩን ገለጥ ስታደርገው ሥጋው ውስጥ የሰመጠ የፀጉር ላስቲክ አገኘች፤ ልጆች ለጌጥ ያጠለቁላት፣ ከዚያም የረሱት። አንዱ በር የማያስገባ ውፍረት ያለው ውሻ እየጎተተ መጥቶ «አጥንቱ ከባድ ስለሆነ ነው ዳሌውን የሚያመው» ሲላት፣ «ከባዱ አጥንቱ አይደለም፣ የእርስዎ እጅ ነው። ሳህኑን ይቀንሱለት» አለችው። ሌላው ቡችላውን ጡት ከተወ ጀምሮ ከቀይ ሥጋ በቀር ምንም አላቀመሰውም። ማሞላቀቁ ነው፤ የቡችላው የፊት እግሮች ግን ካልሲየም አጥተው እንደ ቅንፍ ተጣመው መሬቱን መርገጥ አቅቷቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከሰገነት ወድቃ የምታነክስ ድመቱን የራሱን የራስ ምታት ክኒን አስውጦ፣ ሁለት ቀን ጠብቆ ያመጣት ሰውዬ ነው። ድመት ያን ክኒን አትችለውም። ጠረጴዛው ላይ ሞተች። ያን ዕለት እሳቷ ለሰውዬው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

«ይሻለው እንደሆን ብለን ጠበቅን» የሚለው ቃል ነው ከሁሉ ይልቅ ደሟን የሚያፈላው። «እናንተ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ ወር ትጠብቃላችሁ?» ትላለች። «እሱ ስለማይናገር ነው አይደል?»

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዝግ ያሉ፣ ምንም ነገር የማያስቸኩላቸው። አንድ ጊዜ የሥራ ጋዋኔን ላስጠብብ ቤታቸው ሄጄ «እህትዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትቆጣው?» ብላቸው፣ ስፒሉን ከከንፈራቸው ሳያወጡ «ከእናታችን ሆድ ስትወጣ አዋላጇን ተቆጥታ ነው» አሉኝ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ሰኞ ነው።

ሐኪሙ አልነበረም። የአንድ አርቢ የወተት ላሞች ታመውበት ከከተማ ወጥቶ ነበር። ኮሪደሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሁለት ውሾች በወንበሮቹ መሃል እየተያዩ ይጯጯሃሉ፣ ሰዉ ሰዓቱን ያያል፣ እሳቷ ብቻዋን ትሠራለች። ከተራ ጠባቂዎቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው፤ የጣቶቻቸው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ግራሶ ከጡረታቸው በኋላም አልወጣም። ውሻቸው ቻለው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። «ለውሻው ይሁን ለእኔ ያወጣችው፣ እስካሁን አልገባኝም» አሉኝ ካርድ ሳወጣላቸው፤ ፈገግ ብለው።

ቻለው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቡናማ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጭኑ ላይ ይሄ ነው የሚባል ሥጋ የለውም። የግራ የፊት እግሩን እያነከሰ ገባ። እሳቷ ከኮሪደሩ ጫፍ አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ አወጣችው፣ እግሩን አነሳችው፤ አፍታም አልፈጀባት። ከመዳፉ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ያለው፣ አውራ ጣት የሚመስለው ጥፍር መሬት ስለማይነካ አያልቅም። ሲያድግ ሲያድግ እንደ ቀለበት ዞሮ ጫፉ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ዙሪያው መግል ቋጥሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥፍር ትናንት አላደገም» አለች።

«አላየሁትም ልጄ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ፀጉሩም ሸፍኖት…»

«እጅ አለዎት አይደል? ሲዳብሱት እግሩን አይነኩትም? ስንት ወር ነው እንዲህ እየተወጋ የሄደው?»

«ማነከስ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው።»

«ማነከስ የጀመረው ሲብስበት ነው። ሕመሙ የጀመረው ያኔ አይደለም።»

ጥፍሩን ቆረጠች፣ ስባሪውን ከሥጋው መዝዛ አወጣች፣ መግሉን አጠበች። እጇ ሲሠራ አፏም አልቆመም። ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል። ሰውዬው የውሻውን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አስጠግተው አቀርቅረዋል። እሷ ሲሪንጁን ሞላች፣ ወደ ውሻው ኋላ ዞረች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ሰውዬው መለሰችና፣

«አውቶቡስ ቢሆን ጎማውን ሳያዩ ያስወጡት ነበር?» አለች።

መርፌው የገባው ይህን ስትል ነው። በተከፈተው በር አይቻለሁ፤ ዓይኗ ሰውዬው ላይ ነበር። ቻለው ጮኸ። ውሻ መርፌ ሲወጋ የሚያሰማውን ድምፅ በቀን አሥር ጊዜ እሰማለሁ፤ ይሄ ግን እሱ አልነበረም። እግሩን እሳት እንደነካው ሰበሰበ።

«አላስወጣውም ነበር» አሉ ሰውዬው ቀስ ብለው። ለጥያቄዋ መልስ መሆኑ ነው።

«እንግዲያው» አለችና ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ቀጣዩን ጠራች።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ሐኪሙ ገብቶ ነበር። እሳቷ እንደ ልማዷ ኮሪደሩ ጫፍ እጇን አጣምራ ቆማለች። ቻለው በበሩ ገባ። የግራ የፊት እግሩ ድኗል፤ ደህና አድርጎ ይረግጥበታል። የቀኝ የኋላ እግሩ ግን አብሮት አልመጣም። መዳፉ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ በጀርባው በኩል ሲሚንቶውን እየጫረ ይጎተታል፤ የጣቶቹ ቆዳ ተልጦ ደም አዝሏል። የእሳቷ እጆች ከተጣመሩበት ወረዱ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፊቷን ያለ ቁጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ባዶ ነበር።

ሐኪሙ መዳፉን ገልብጦ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቻለው አላስተካከለውም፤ የሌላ ውሻ እግር ይመስል ተወው። በጣቶቹ መሃል በመቆንጠጫ ጨመቀው፤ ውሻው ዞር ብሎም አላየ። ሐኪሙ ካርዱን አነበበ። «አንቲባዮቲክ፣ የቀኝ ጭን፣ ከኋላ» ይላል በእሷ እጅ ጽሕፈት። አንገቱን ሳያቀና በዓይኑ ብቻ አያት። ለሐኪሙም፣ ለእሷም፣ ለእኔም ገብቶናል። ሥጋ የሌለው ውሻ ጭኑን ከኋላ በኩል ሲወጋ መርፌው ጡንቻውን አልፎ ትልቁን ነርቭ ሊያገኘው ይችላል። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እየጮኸች ስታስጠነቅቅ የኖረችው ራሷ ነበረች።

«ዕድሜ ነው ጋሼ» አለ ሐኪሙ። «አከርካሪው ደክሟል። እግር ላይ እንዲህ ይወርዳል።»

«በሦስት ቀን?»

«ውስጥ ውስጡን ቆይቷል። ድንገት ነው የሚታየው።»

«ምን ይደረግለታል?»

«እንዲህ ሲጎተት ቁስሉ አጥንት ይደርሳል። ባይሰቃይ ጥሩ ነው። እስከ ማክሰኞ ይዩትና፣ ያው ከሆነ ያምጡት፤ እናሳርፈዋለን።»

ሰውዬው ማሳረፍ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁም። ገመዱን እጃቸው ላይ ጠመጠሙት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልክ ነበርሽ ልጄ» አሏት። «የፊቱን ሳላይለት ቀረሁ፤ ይሄንንም ሳላይለት ቀረሁ። እኔ እንስሳ ለመያዝ የምሆን ሰው አይደለሁም።» ውሻውን አቅፈው ወጡ። ከባድ አልነበረም፤ እሳቸው ግን እንደ ከባድ ዕቃ ነበር የተሸከሙት። እሷ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባች፤ ወዲያው የብረት ትሪ ከግድግዳ ጋር ሲላተም ሰማን።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

«ለምን ዋሹ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እኔ ይዋሹልኝ ብያለሁ?»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ግን ይሄ ወሬ ከወጣ ነገ እዚያ ኮሪደር ላይ ማንም አይቀመጥም። መርፌያቸው ሽባ ያደርጋል ነው የሚባለው።»

«አድርጓላ።»

«ለውሻው የሚለወጥለት ነገር የለም። ምክንያቱን አወቁት አላወቁት እግሩ ያው ነው።»

እዚህ ላይ ነው ቱግ ያለችው። «ያው አይደለም። አርጅቷል ካልናቸው ማክሰኞ ያመጡታል፣ እኛም እንገድለዋለን። ነርቭ ነው የተነካው ብንላቸው ግን ያቆዩታል። ሳይበጠስ የተጎዳ ብቻ ከሆነ በወርም በሁለት ወርም ሊመለስ ይችላል፤ እርስዎም ያውቁታል። እግሩን የሚያንቀሳቅስለት ሰው ነው የሚያስፈልገው። ሰውዬውስ? የእኔን ጥፋት አሸክመናቸው ነው እኮ የሄዱት። ሰምተዋቸዋል? ልክ ነበርሽ ነው ያሉኝ።»

«እስቲ ነገ ረጋ ብለሽ እንነጋገር።»

«እኔ አልረጋም» አለችና ወደ መስኮቴ መጥታ እጇን ዘረጋች። «የቻለውን ካርድ ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ቆማ ጻፈች፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። «የቀኝ የኋላ እግር የነርቭ ጉዳት። ምክንያቱ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ። የወጋሁት እኔ ነኝ።» ፈረመችበት። ሐኪሙ ተከትሏት መጥቶ በትከሻዋ በኩል አነበበና «ካርዱን ወዲህ በለው» አለኝ።

እኔ ደፋር አይደለሁም። በዕድሜዬ ከአለቃ ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ አውቶቡስ ውስጥ እግሬን ሲረግጡኝም ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ዶክተር፣ መዝገብ ላይ ሰፍሯል እኮ» አልኩት። አልሰፈረም ነበር። ፊቱን ሲያዞር ነው ያሰፈርኩት።

«ካልጠራሁሽ እንዳትመጪ» አላት።

«አይጥሩኝ» አለችው። ጋዋኗን አውልቃ ወንበር ላይ ወረወረችው፤ ተንሸራቶ ሲወድቅ አላነሳችውም። የመካኒኩን አድራሻ ከካርዱ ላይ በእጇ መዳፍ ላይ ቀድታ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን ከእሷ፣ ግማሹን ከመካኒኩ ነው የሰማሁት። የሁለቱ ወሬ አንዳንድ ቦታ ላይ አይገጥምም፤ በተለይ ማን ማንን ቀድሞ እንደ ሰደበ።

ዓርብ ጠዋት ሄደች። ቤቱ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ሰፊ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል አልጋ፣ በሌላው በኩል የሥራ ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ መፍቻዎች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰቅለዋል፤ ከቦታው የጎደለ ወዲያው እንዲታወቅ የእያንዳንዱ ቅርጽ ከኋላው በቀለም ተሥሏል። ቻለው የታጠፈ ቱታ ላይ ተኝቷል። ሰውዬው ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

«ትናንት የተነገረዎት ውሸት ነው» አለች። «ውሻው አላረጀም። ማለቴ አርጅቷል፤ ግን እግሩ የተያዘው በእርጅና አይደለም። ሰኞ ዕለት መርፌውን ያለ ቦታው ወጋሁት። እያየሁ አልነበረም።»

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው።

«ምን እያየሽ ነበር?»

«እርስዎን።»

ሲጀምሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እየቆየ ነው የሞቀው። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ። ጎማ ሳታይ ታስወጣ ነበር ወይ አልሽኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጄ ወጥቶ ፍሬን እምቢ ያለው አንድ አውቶቡስ የለም። እኔ ብሎን ሳጠብቅ ከሰው ጋር አላወራም ነበር። አለቃዬ ቢጠራኝ አልሰማም። አንቺ የነፍስ ሥራ በእጅሽ ይዘሽ ሰው ትሳደቢያለሽ? ከትናንት ጀምሮ ይሄን ውሻ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ሚስቴ አደራ ብላ የተወችልኝን በገዛ እጄ ገደልኩት እያልኩ። ማክሰኞ ላመጣልሽ ነበር እኮ። አቅፌ አምጥቼ ላስወጋልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? ውጪልኝ።»

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን እግሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱለት ላሳይዎት።»

«ከቤቴ ውጪ አልኩሽ።»

ወጣች። በኋላ ስትነግረኝ «ልመልስላቸው አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ። «እየሰደቡኝ እኮ ነው። ግን የምለው አጣሁ። የሚሉኝ ሁሉ እኔ ለሰው የምለው ነው። አታይም ወይ፣ ሥራህ ምንድን ነው። እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።» ይህንንም ስትል ተናዳ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቷ በእህቷ የስፌት ማሽን ላይ አንድ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ጣለች።

«ጫማ ስፊልኝ። ለውሻ ነው። መዳፉ እየተጎተተ እየተላጠ ነው።»

«ልኩን አምጪዋ።»

«ልኩ እጄ ላይ አለ» ብላ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ከፍታ አሳየቻቸው።

እህትየው በሜትር ለኩ፣ በሳሙና ስባሪ ምልክት አደረጉ፣ ቦርሳውን መተርተር ጀመሩ። ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚመዙት። እሳቷ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ምንድን ነው እንዲህ መንቀርፈፍ? ከዚህ ፈጠን ማለት አይቻልም?»

እህቷ መቀሱን አስቀመጡ። «ፈጥነሽ ያበላሸሽውን እኮ ነው ቀስ ብዬ የምሰፋልሽ» አሏት።

እሳቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጫማው እስኪያልቅ አልተናገረችም፤ እህቷ እንደሚሉት ያ ራሱ በቤታቸው ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ ይዛው ሄደች። አንኳኳች፤ አልከፈቱላትም። ቤት መኖራቸውን ታውቃለች፤ ሬዲዮው ይሰማል፣ ስታንኳኳ ዝቅ አደረጉት። ጫማውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ከላዩ የጻፈችውን ወረቀት አኖረች። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከጣቱ እስከ ዳሌው በዝግታ ማጠፍና መዘርጋት፣ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ወለሉ እንዳያንሸራትተው ምንጣፍ ማንጠፍ። ሲቆም ሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፎ መደገፍ። ቁስሉን በየቀኑ ማጠብ። ከሁሉ በታች «ማክሰኞ እንዳያመጡት» ብላ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

እሑድም ሄደች። አሁንም አልከፈቱም፤ ጫማውና ወረቀቱ ግን ከደጃፉ ተነሥተዋል።

ሰኞ በሩ ተከፈተ። ሰላምታ የለም። «የቱ ጋ ነው የሚታጠፈው?» አሉ ሰውዬው። ቻለው ጫማውን አጥልቋል፤ የጫማው አፍንጫ ወደ ኋላ ዞሮ። እሳቷ ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ጫማውን አዙራ አጠለቀችለት።

ማክሰኞ ሐኪሙ ወደ መስኮቴ መጣ። «ያ ውሻ አልመጣም?» አለኝ። «አልመጣም» አልኩት። ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትሄድ ነበር፤ ሥራ የላት። ሰላም ወረደ ማለቴ አይደለም። ሁለት ቁጡ ሰዎች አንድ ውሻ መሃል አስተኝተው ነው የሚጨቃጨቁት። እሷ እግሩን ስታጥፍና ስትዘረጋ ሰውዬው ድምፅ አውጥተው ይቆጥራሉ፤ አንድ ከዘለሉባት ትቆጣለች፣ አንድ ከደገመች ይቆጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቀጭን ማሰሪያ ቆርጠው፣ አንዱን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ ሌላውን ከጫማው አፍንጫ ጋር አያያዙት። ቻለው እግሩን ሲያነሳ ላስቲኩ ጣቶቹን ወደ ፊት ስቦ መዳፉን ያቀናዋል። ጥሩ ነገር ነበር፤ እሷ እንኳ አስባው የማታውቀው። ያለችው ግን ይህን አይደለም።

«ጠብቋል። ደም ያግዳል። እግሩን ሊያስቆርጡት ነው?»

«የላስቲክ ውጥረት አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?»

«የደም ሥር እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩኝ?»

ቻለው መሃላቸው ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን ያያል። ቆሞ ነበር፤ ፎጣ ሳይዘው፣ በአራት እግሩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው ልብ ያሉት፤ ጭቅጭቁ እዚያው ላይ ቀረ። ሰውዬው ጎንበስ ብለው ላስቲኩን በትንሽ ጣታቸው ስፋት ፈታ አደረጉት፣ እሷም ጣቷን ከሥሩ አሳልፋ አየችው።

መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ፊት አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ አመረቀዘ፤ ቻለው ሦስት ቀን አልነሳም አለ። ሰውዬው «ሐኪሙ ልክ ነበር፣ እያሰቃየነው ነው» ሲሏት ምን እንዳለቻቸው ሁለቱም አይነግሩኝም። በማግሥቱም ግን መጣች፣ እሳቸውም ከፈቱ።

በስድስተኛው ሳምንት በጣቶቹ መሃል በጥፍሯ ስትቆነጥጠው ቻለው ዘወር ብሎ ክንዷን ቀጨም አደረጋት። «ነከሰኝ» አለች። ሰውዬው ደንግጠው መጡ። «ተሰማው፤ ስቆነጥጠው ተሰማው እኮ» ትላለች፣ የጥርሱን ምልክት እያሳየች፣ እየሳቀች። መካኒኩ እንደ ነገሩኝ ስትስቅ ያዩዋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ መፍቻዎቹ አዙረው አንዱን አንስተው መልሰው ሰቀሉት።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ አስጠራት። እሷ ከሄደች ወዲህ ሁለት ረዳቶች ቀጥሮ ነበር። አንዱ በሦስተኛው ቀን ድመት ቧጭራው ቀረ፤ ሁለተኛዋ ውሻ ትፈራለች። ደውዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። መጣች፤ እዚህም አልተቀመጠችም።

«የምመለሰው ሁለት ነገር ካደረጉ ነው» አለችው። «አንደኛ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ጭን ከኋላ በኩል አይወጋም። የጭኑ ፊት አለ፣ ወገቡ አለ፣ ከቆዳ ሥር አለ። ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛ፣ መካኒኩ ቤት ሄደው እውነቱን ይነግሯቸዋል።»

«አንቺ ነግረሻቸው የለም እንዴ?»

«የእኔን ነግሬያቸዋለሁ። የእርስዎን አልነገርኩም።»

ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሲያስተካክል ቆየ። «የመጀመሪያውን እሺ» አለ።

ሁለተኛውን እስከ ዛሬ አላደረገውም። እሷም ተመለሰች። ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅር ይለኛል፤ እምቢ ብላ በሩን ዘግታ ብትሄድ ለወሬ ያምር ነበር። ግን እህቷ በስፌት ብቻ ቤት አያስተዳድሩም፤ «ደግሞስ እኔና እሱ ብንኳረፍ ውሾቹ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ሐኪሙን የምታናግረው ለሥራ ብቻ ነው። «መቀስ»፣ «ፋሻ»፣ «ይያዙልኝ»። ከዚያ ያለፈ ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም።

ቁጣዋ በርዷል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ባለፈው ሳምንት ውሻው በመኪና ከተገጨ አራት ቀን ቆይቶ ያመጣውን ሰውዬ ኮሪደሩን አቋርጣ እስከ በሩ ድረስ ነው የተቆጣችው። የተለወጠ ነገር ካለ መርፌ ስትይዝ ነው። መርፌ በእጇ እያለ አትናገርም፤ ሌላ ሰው ሲናገርም በዓይኗ ዝም ታሰኘዋለች። በጣቷ ቦታውን ትፈልጋለች፣ ሁለቴ ትዳስሳለች፣ ትወጋለች፣ ሲሪንጁን ታስቀምጣለች። ስድቡ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካቆመበት።

ቻለው ጥፍሩን ሊቆረጥ በየወሩ ይመጣል። ይራመዳል። ሙሉ በሙሉ ግን አልዳነም፤ ብርድ ሲሆን መዳፉ ይጎተታል፣ ሲሮጥ እግሩ ወደ ውጭ ይጣላል። አንድ ቀን መካኒኩን «ይቅር ብለዋታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሥራዋን እየሠራች ነው» አሉኝ።

ባለፈው ወር ተራ ይዘው ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ «ውይ፣ ይሄ ምስኪን እግሩ ምን ሆኖ ነው?» አለቻቸው። መካኒኩ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «መርፌ ያለ ቦታው ተወግቶ ነው» አሉ። «የወጋችው ያቺ ናት።» በጣታቸውም አሳዩአት።  እሳቷ ጠረጴዛው ላይ የአንድ ድመት እግር እያሰረች ነበር። ቀና ሳትል «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለችና ፋሻውን አንድ ዙር ጨመረች። የሐኪሙ ክፍል በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።